ፉቱራማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ፣ ተደጋግመውም የሚያከራክሩ ጥያቄዎች

«ፉቱራማ» የተባለውን የአሜሪካ የካርቱን ኮሜዲ የሚወዱ ሁለት ሰዎች ከተገናኙ ወሬው የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። በሮቦቱ እየሳቁ ይጀምሩና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስለ አንድ ውሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ ታገኟቸዋላችሁ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከእንዲህ ያለ ጨዋታ የተለቀሙ ናቸው። ገና ያልጀመራችሁት የመጀመሪያዎቹን አራት ያለ ሥጋት አንብቡ። ከዚያ በታች ታሪኩ እስከ መጨረሻው ተዘርግፏል፤ በኋላ «ምነው ነገራችሁን» እንዳትሉ።

ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው?

ፊሊፕ ጄ. ፍራይ ኒው ዮርክ ውስጥ ፒዛ እያደረሰ የሚኖር፣ ፍቅረኛው የተወችው፣ ይህን ሠራሁ የሚለው ነገር የሌለው የ25 ዓመት ወጣት ነው። ዲሴምበር 31 ቀን 1999 ማታ፣ ሰውን አቀዝቅዞ ለወደፊት ዘመን የሚያቆይ ላቦራቶሪ ፒዛ ይዞ ይሄዳል። ትእዛዙ የቀልድ ነበር፤ የሚቀበለው ሰው የለም። ወንበር ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ የዓመቱን መለወጫ ሲጠብቅ ይወድቅና ማቀዝቀዣው ውስጥ ይገባል። የሚነቃው ከ1,000 ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2999 ነው። (በእኛ አቆጣጠር ፍራይ የቀዘቀዘው ታኅሣሥ 21 ቀን 1992 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ፈረንጅ ሚሊኒየሙን ሲቀበል የእኛው ገና ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይቀረው ነበር።)

በአዲሱ ዘመን ያለው ዘመድ የወንድሙ ዘር የሆነው ፕሮፌሰር ፋርንስዎርዝ ነው፤ ዕድሜው ከ150 በላይ። ሽማግሌው ለፈጠራ ሥራው ገንዘብ የሚያገኝበት «ፕላኔት ኤክስፕረስ» የሚባል ዕቃ አድራሽ ድርጅት ስላለው ፍራይን እዚያው ይቀጥረዋል። እንግዲህ ሰውዬው 1,000 ዓመት ተኝቶ ተነሥቶ ያገኘው ሥራ ያንኑ ዕቃ ማድረስ ነው። አብረውት የሚሠሩት ባለ አንድ ዓይኗ ካፒቴን ሊላ፣ አልኮል ካልጠጣ የማይንቀሳቀሰው ሌባ ሮቦት ቤንደር፣ የሰው አካል ምን ምን እንዳለው በቅጡ የማያውቀው ባለ መቆንጠጫ እጁ ሐኪም ዞይድበርግ፣ የሀብታም ልጅ የሆነችው ተለማማጅ ኤሚ እና የቢሮው ሰው ሄርሚስ ናቸው። ፕሮፌሰሩ በየጊዜው «የምሥራች» ብሎ ይገባና ሊሞቱበት ወደሚችሉበት ፕላኔት ይልካቸዋል።

ማን ፈጠረው? ስሙስ ከየት መጣ?

የ«ዘ ሲምፕሰንስ» ፈጣሪ ማት ግሬኒንግ ከዴቪድ ኤክስ. ኮኸን ጋር ሆኖ ነው። በፎክስ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ማርች 28 ቀን 1999 ነበር። ስሙ በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ጄኔራል ሞተርስ ካቀረበው ትርኢት የተወሰደ ነው፤ ያ ትርኢት የ1960ን ዓለም በሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች ሞልቶ ያሳይ ነበር። የነገው ዓለም ሁሉ የሚያምርበት ትርኢት ስም፣ ነገም ቀበሌ ለቀበሌ መንከራተት አለ ለሚል ኮሜዲ ሲሰጥ ቀልዱ ገና ከርዕሱ ጀመረ ማለት ነው።

በየትኛው ቅደም ተከተል ልየው? የምዕራፍ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ለምን ይለያያል?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አዲስ ተመልካች ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። በፎክስ ዘመን 72 ክፍሎች ተሠሩ፤ የተሠሩትም በአራት ዙር ነው፦ 13፣ 19፣ 22 እና 18። ጣቢያው ግን እንደተሠሩበት ቅደም ተከተል አላሳያቸውም። አንዳንዱን ለቀጣዩ ዓመት አቆየው፣ እሑድ ላይ የአሜሪካ ፉትቦል ሲረዝም ደግሞ የፉቱራማ ሰዓት ይታጠፍ ነበር። በዚህ ምክንያት በአራት ዙር የተሠራው በአምስት የቴሌቪዥን ዓመት ታየ። አንዱ ዝርዝር «አራት ምዕራፍ»፣ ሌላው «አምስት ምዕራፍ» የሚለው ሁለቱም ሳይዋሹ ነው።

ከዚያ በ2003 ተቋረጠ። ከ2007 እስከ 2009 በዲቪዲ አራት ረጃጅም ፊልሞች ወጡ፤ እያንዳንዳቸው በአራት ተቆርጠው 16 ክፍል ሆኑ። ከ2010 እስከ 2013 ኮሜዲ ሴንትራል 52 ክፍሎች አሳየ። ድምሩ 140 ነው። በ2023 ደግሞ ሁሉ በሚባለው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን ተመለሰ። (ስሙ የእኛን «ሁሉ» ስለሚመስል «ሁሉ ላይ አለ» ስትሉ «ሁሉም ጋ?» የሚል ሰው አይጠፋም።) የ2023ቱን ምዕራፍ አንዱ 8ኛ፣ ሌላው 11ኛ የሚለው ከዚሁ የአቆጣጠር ልዩነት የተነሣ ነው።

የእኔ ምክር፦ በተሠሩበት ቅደም ተከተል እዩ። የፍራይና የሊላ ነገር ቀስ እያለ የሚበስል ስለሆነ ከመሐል ዘላችሁ ከገባችሁ ጣዕሙ ይቀራል።

ካርቱን ስለሆነ ከልጆች ጋር ማየት ይቻላል?

አይቻልም። ቤንደር ይጠጣል፣ ሲጋር ያጨሳል፣ ይሰርቃል፣ ይሳደባል፤ የጠፈር መርከብ አዛዡ የዛፕ ብራኒጋን ቀልድ ደግሞ አብዛኛው ከወገብ በታች ነው። «ካርቱን ነው» ተብሎ ሳሎን ውስጥ ከአያት ጋር የተከፈተ ክፍል ሪሞት በመፈለግ ሲያልቅ አይቻለሁ።

ሃይማኖት ላይ ያላግጣል የሚባለው እውነት ነው?

ያላግጣል። ሮቦቶች የራሳቸው ቤተ እምነት አላቸው፣ የራሳቸው ሰይጣን አላቸው፣ የራሳቸው ሲኦልም አላቸው፤ አድራሻውም ኒው ጀርሲ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሰምቶ የሚሸሽ ሰው የ2002ቱን «ጎድፌላስ» ሳያይ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ያሳዝነኛል።

እዚያ ክፍል ላይ ቤንደር ጠፈር ውስጥ ብቻውን ሲንሳፈፍ ጥቃቅን ፍጡራን ሰውነቱ ላይ ይሰፍራሉ፤ እሱንም አምላክ ብለው ይይዙታል። ጸሎታቸውን ሰምቶ ሊረዳቸው በሞከረ ቁጥር ያጠፋቸዋል፣ ዝም ሲል ደግሞ እርስ በርሳቸው ተዋግተው ያልቃሉ። በኋላ ከዋክብት የተሰባሰቡበት የሚመስል አንድ ግዙፍ ፍጡር ያገኝና ይነጋገራሉ። ፍጡሩ አምላክ ይሁን አይሁን ማንም ቁርጡን አይናገርም። የሚወያዩት ስለ እርዳታ ልክ ነው፤ ከበዛ ሰው ይለምደዋል፣ ከቀረ ተስፋ ይቆርጣል። ሰው ሳያውቅበት እጅን አቅልሎ ስለ መርዳት የሚነገረው ነገር ቲዎሎጂ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ የሚያነሱት ነው። ጸሐፊው ኬን ኪለር ለዚህ ክፍል የአሜሪካ ደራስያን ማኅበርን ሽልማት አግኝቶበታል።

ሰው ሁሉ ስለ ውሻው የሚያለቅሰው ለምንድን ነው?

ኖቬምበር 17 ቀን 2002 የታየው «ጁራሲክ ባርክ» ነው። ፍራይ ሙዚየም ሄዶ ድሮ ይሠራበት የነበረውን ፒዛ ቤት ቅርስ ሆኖ ያገኘዋል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ውሻው ሲሞር ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ፕሮፌሰሩ ውሻውን ከነትዝታው መልሶ ማስነሣት እንደሚችል ይናገራል። ፍራይ ደስ ብሎት ኳስና የውሻ ምግብ ሲያዘጋጅ፣ ቤንደር በቅናት ይበግናል። ማሽኑ ሊጀምር ሲል ግን የውሻውን ዕድሜ ያወጣል፦ የሞተው በ15 ዓመቱ ነው።

ፍራይ ይቀንሳል። እኔ ስጠፋ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ስለዚህ ከእኔ በኋላ 12 ዓመት ኖሯል። ሌላ ጌታ አግኝቶ፣ ሌላ ሕይወት ኖሮ፣ እኔን ረስቶኛል። ብሎ ማሽኑን ያስቆማል፤ ውሻውን ማስነሣት ለራሴ ብዬ እንጂ ለእሱ አይሆንም ይላል። ቅንነት ነው። ቀጥሎ ወደ 1999 እንመለሳለን። ሲሞር ፒዛ ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል። በጋ ያልፋል፣ ክረምት ያልፋል፣ የፒዛ ቤቱ ባለቤት ያረጃል፣ ውሻውም ያረጃል። አንድም ቃል አይነገርም፤ ዘፈን ብቻ አለ። መጨረሻ ላይ ተኝቶ ዓይኑን ይከድናል። አለቀ፤ የሚያስቅ መዝጊያ እንኳን የለውም።

ብዙ ሰው «ውሻ ስለሆነ ነው የሚያስለቅሰው» ይላል፤ ጃፓን ሺቡያ ባቡር ጣቢያ ጌታውን ዓመታት የጠበቀውን የእውነቱን ሃቺኮን የሚያነሳም አለ። እኔ ግን የሚገድለኝ ቅነሳው ነው። 15 ሲቀነስ 3፣ 12። ፍራይ ሒሳቡን አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የ12ቱን ትርጉም ነው። እሱ የመርሳት 12 ዓመት አለው፤ የመጠበቅ 12 ዓመት ነበር። ፉቱራማን ከሌሎች የምለየውም በዚህ ነው፤ ቁጥር ለጌጥ አይጠራም፣ ቀልዱም ሐዘኑም በቁጥሩ ላይ ነው የቆመው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ድንጋይ ሆና የምትገኘው የፍራይ እናት እንድትሆን ነበር። ይህስ ተመልካች አይችለውም ብለው በውሻ ቀየሩት። ተቀይሮ ነው እንግዲህ እንዲህ የሆነው! እናትየዋ ግን እስከ 2013 ቆይታ «ጌም ኦቭ ቶንስ» በሚለው ክፍል መጣች፤ መሐረብ አትርሱ።

ታዲያ የ2007ቱ ፊልም ያንን አላበላሸውም?

ይህ ጥያቄ ጓደኛሞችን አኳርፏል። «ቤንደርስ ቢግ ስኮር» በተባለው ፊልም ፍራይ በጊዜ ወደ ኋላ ተጉዞ ቅጂው እዚያው ይቀራል፤ ከ2000 እስከ 2012 ከሲሞር ጋር ይኖራል። ውሻው ድንጋይ የሆነውም በድንገተኛ ፍንዳታ ነው። በዚህ ስሌት ሲሞር ብቻውን አልጠበቀም ማለት ነው።

የሚደግፉት «ተገላገልን፣ አሁን እንቅልፍ ይወስደናል» ይላሉ። ደግሞም በ1,000 ዓመት ውስጥ ውሻ እንዴት ድንጋይ ይሆናል ለሚለው ፍንዳታው መልስ ሰጥቷል። የሚቃወሙት ግን ዕዳ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ደረሰኙን መቅደድ ነው ይሉታል። እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ፊልሙ ጥሩ ነው፤ ውሻው ጋ ስደርስ ግን ያላየሁ እሆናለሁ።

ፍራይ በእርግጥ የራሱ አያት ነው?

አዎ። በ2001 መጨረሻ የታየው «ሮዝዌል ዛት ኤንድስ ዌል» የጠፈር መርከባቸውን ወደ 1947 መልሶ፣ የጠፈር ፍጡር ወደቀበት በሚባለው ሮዝዌል፣ ኒው ሜክሲኮ ላይ ይጥለዋል። ሠራዊቱ የያዘው «የጠፈር ፍጡር» ዞይድበርግ ነው፤ «በራሪው ሳህን» የተባለው ስብርባሪ ቤንደር ነው። ፍራይ ደግሞ አያቴ ከሞተ እኔ አልወለድም ብሎ ኢኖስ የተባለውን ወታደር እንደ እንቁላል ሲጠብቅ፣ ለደኅንነቱ ብሎ ያስቀመጠው ቤት የኒውክሌር ቦምብ መሞከሪያ ሆኖ ይገኛል። ሰውየው ይሞታል፣ ፍራይ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ይህቺ ሴት አያቴ አይደለችም ብሎ የኢኖስን እጮኛ ሚልድሬድን ያጽናናታል። ከተጽናናች በኋላ ነው አያቱ መሆኗን የሚያረጋግጠው።

አባቱ ያንሲ ነው፤ እንግዲህ ፍራይ ቀበሌ ሄዶ ሙሉ ስምህ ከነአያት ቢባል «ፊሊፕ ያንሲ ፊሊፕ» ሊል ነው።

ክፍሉ በ2002 የዓመቱ ምርጥ አኒሜሽን ተብሎ ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት ወስዷል። የበለጠ የምወድለት ግን ቀልዱን እዚያው ጥለውት አለመሄዳቸውን ነው። በ2003 «ዘ ዋይ ኦቭ ፍራይ» ላይ መላ አካላቸው አንጎል የሆኑ ፍጡራን ዓለምን ሲያደነዝዙ ፍራይን ብቻ አይነኩትም፤ ምክንያቱም የራሱ አያት ስለሆነ በአንጎሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ሞገድ ጎድሎታል። ሞኝነቱ በዘር ነው፣ ዓለምን ያዳነውም ያው ሞኝነት ነው።

እነዚህ ነገሮች ቀድመው የታሰቡ ናቸው ወይስ በኋላ የተለጠፉ?

ሁለት ማስረጃ ልስጣችሁ፤ ከዚያ ራሳችሁ ፍረዱ።

አንደኛ፦ ፍራይ በድንገት አልወደቀም። የሊላ ትንሽ እንስሳ የሚመስለው ኒብለር ነው ሆን ብሎ የጣለው። ይህ የተገለጠው በ2003 ነው። አሁን ተመለሱና የ1999ኙን የመጀመሪያ ክፍል፣ «ስፔስ ፓይለት 3000»ን ክፈቱ። ፍራይ ከወንበሩ ከመውደቁ በፊት ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥላ ሽው ይላል። የማን ጥላ እንደሆነ ለማወቅ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረብን።

ሁለተኛ፦ ሊላ ብቸኛ የጠፈር ፍጡር ነኝ ብላ አደገች። በ2002 «ሊላስ ሆምወርልድ» ላይ ከከተማው ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ከሚኖሩ ሰዎች የተወለደች መሆኗ ታወቀ፤ ወላጆቿ የተሻለ ኑሮ ታገኝ ብለው ነው በር ላይ የጣሏት። እነዚያው አባትና እናት ግን በ1999 መጨረሻ የታየ አንድ ክፍል ላይ ከሕዝቡ መሐል ቆመው ይታያሉ፤ ማንም አላስተዋላቸውም። ልጃቸው ፊታቸው አልፋ ሄዳለች።

ለአንድ ክፍል ሲሉ አዲስ የሒሳብ ቴዎረም አረጋገጡ ይባላል። ወሬ ነው?

ወሬ አይደለም። በኦገስት 2010 የታየው «ዘ ፕሪዝነር ኦቭ ቤንዳ» ነው፤ ጸሐፊው በአፕላይድ ማቲማቲክስ ዶክትሬት ያለው ያው ኬን ኪለር። ፕሮፌሰሩና ኤሚ አእምሮ የሚያለዋውጥ ማሽን ይሠራሉ። ችግሩ፣ አንድ ጊዜ የተለዋወጡ ሁለት አካላት እንደገና እርስ በርስ መለዋወጥ አይችሉም። ቤቱ ሁሉ ተደበላለቀ፤ እንዴት ወደየራሱ ይመለሳል?

መልሱ፦ ሰዎቹ የቱንም ያህል ቢበዙ፣ የቱንም ያህል ቢደበላለቁ፣ ማሽኑን ያልነኩ ሁለት ሰዎች ካገኛችሁ ሁሉም ይመለሳል። ከሁለት በላይ አያስፈልግም።

በትንሹ እንሞክረው። አንደኛ ክፍል ከተማርንበት መጽሐፍ አበበንና ጫላን እናምጣ። የአበበ አካል የጫላን አእምሮ ይዟል፣ የጫላ አካል የአበበን። (አሁን ጩቤ የጨበጠው ማን እንደሆነ፣ በሶ የበላውም ማን እንደሆነ ራሱ ያነጋግራል።) ሁለት ንጹሐን ጠርተናል፦ ቡና አፍይዋንና ጥበቃውን። መጀመሪያ የአበበ አካል ከቡና አፍይዋ ጋር ይገባል፤ የጫላ አእምሮ እሷ ላይ ሄደ። ቀጥሎ የጫላ አካል ከጥበቃው ጋር ይገባል፤ የአበበ አእምሮ ጥበቃው ላይ ሄደ። አሁን የአበበ አካል ከጥበቃው ጋር ሲገባ አበበ ቤቱ ገባ። የጫላ አካል ከቡና አፍይዋ ጋር ሲገባ ጫላም ቤቱ ገባ። የቀሩት ቡና አፍይዋና ጥበቃው ብቻ ተለዋውጠው ቆመዋል፤ እነሱ ደግሞ እርስ በርስ ገና ስላልገቡ አንድ ጊዜ ገብተው ይጨርሱታል። አምስት ዙር፣ የተደገመ ጥንድ የለም። ወረቀት ላይ ሣሉት፤ እኔ ማመን ያቃተኝ በስኳር ዕቃና በሲኒ እስክሞክረው ድረስ ነው።

በክፍሉ ላይ መፍትሔውን የሚያገኙት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፤ ማረጋገጫውም ከነሙሉ አካሉ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይታያል። ቆም አድርጋችሁ ብታነቡት ይሠራል።

እነዚህ ጸሐፊዎች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?

ኮኸን ከሃርቫርድ ፊዚክስ፣ ከበርክሊ በኮምፒዩተር ሳይንስ ማስተርስ አለው። ጄፍ ዌስትብሩክ በኮምፒዩተር ሳይንስ፣ ቢል ኦደንከርክ በኬሚስትሪ ዶክትሬት አላቸው። እናቶቻቸው ምን እንዳሉ ማሰብ ነው።

ስለ 1729ና ስለ ባንክ ሒሳቡ የሚወራው ምንድን ነው?

1729 በሒሳብ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ቁጥር ነው። ህንዳዊው ራማኑጃን ታሞ ተኝቶ ሳለ እንግሊዛዊው ሃርዲ ሊጠይቀው መጥቶ፣ የመጣሁባት ታክሲ ቁጥሯ 1729 ነበር፣ ምንም የማይስብ ቁጥር ነው ይለዋል። ራማኑጃን ደግሞ፣ የሁለት ኪዩቦች ድምር ሆኖ በሁለት መንገድ ሊጻፍ የሚችል የመጨረሻው ትንሹ ቁጥር ነው ብሎ መለሰ፦ የ1ና የ12 ኪዩብ፣ ወይም የ9ና የ10 ኪዩብ። ፉቱራማ ውስጥ ይህ ቁጥር በዛፕ ብራኒጋን መርከብ ላይ ተጽፏል፤ ቤንደርም የሠራችው ማሽን 1729ኛ ልጅ ነው። ቤንደርና አምሳያው ፍሌክሶ መለያ ቁጥራቸውን ተነጋግረው የሚሳሳቁበት ቦታም አለ። የፍሌክሶ 3370318 የ119 ኪዩብ ሁለት ጊዜ ነው፤ የቤንደር 2716057 ደግሞ የ952 ኪዩብ ሲቀነስ የ951 ኪዩብ። አስልቼዋለሁ፣ ልክ ነው።

የባንኩ ነገር የበለጠ ያስቃል። «ኤ ፊሽፉል ኦቭ ዶላርስ» ላይ ለፍራይ በ1999 ባንክ ውስጥ የቀረችው 93 ሳንቲም ነበረች። በዓመት 2.25 በመቶ ወለድ ለ1,000 ዓመት፤ የባንኩ ሠራተኛ 4.3 ቢሊዮን ዶላር ብላ ትነግረዋለች። ስልካችሁን አውጡና 1.0225ን በ1,000 ከፍ አድርጋችሁ በ0.93 አባዙት። 4.28 ቢሊዮን ይመጣል። ሌላ ኮሜዲ ቢሆን ደስ ያለውን ቁጥር ይጠራ ነበር፤ ማን ሊቆጣጠረው!

ከኋላ ግድግዳ ላይ የሚታየው እንግዳ ጽሑፍ ይነበባል?

ይነበባል። የመጀመሪያው ፊደል ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ምልክት። ተመልካቾች ቶሎ ስለፈቱት ሠሪዎቹ ተናደው ይመስል ከበድ ያለ ሁለተኛ አመጡ። በሁለተኛው እያንዳንዱ ምልክት ከ0 እስከ 25 ቁጥር አለው፤ ለማንበብ ከምልክቱ ቁጥር ላይ ከእሱ ቀድሞ የመጣውን ምልክት ቁጥር ትቀንሳላችሁ፣ ከዜሮ በታች ከወረደ 26 ትጨምራላችሁ። እሱም ተፈታ። ተፈትቶ ሲነበብ ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ ነው።

ሄርሚስ ራስታ ነው?

ጃማይካዊ ነው፤ ድሬድ አለው። ሻሸመኔን የሚያውቅ ሰው ጠጋ ብሎ ቢያየው ግን ይደናገጣል፤ የሄርሚስ እውነተኛ ፍቅሩ ፎርም መሙላት ነው። አንዲት የማዕከላዊ ቢሮክራሲ ሹም ከሥልጣኗ የምትወድቀው ወረቀቷ ላይ አምስት ጊዜ መመታት የነበረበት ማኅተም አራት ጊዜ ብቻ በመመታቱ ነው። ይህን ለእኛ ማንም ሊተረጉምልን አያስፈልግም።

በመጨረሻ ስንት ጊዜ ነው ያለቀው?

አራት ጊዜ፣ እስካሁን። በ2003 ፎክስ ሲተወው በኦፔራ ተሰናበተ። በ2009 የመጨረሻው ፊልም መርከቡን ወዴት እንደሚወስድ ወደማይታወቅ ቀዳዳ ከትቶ ጨረሰ። በ2011 ደግሞ ይቀጥል አይቀጥል ስላልታወቀ መዝጊያ ሊሆን የሚችል ክፍል ሠሩ። አራተኛው የ2013ቱ «ሚንዋይል» ነው፤ ከሁሉም እሱ ይበልጣል። ጊዜን አሥር ሴኮንድ ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ ይሰበርና ዓለም ሁሉ ባለበት ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሱት ፍራይና ሊላ ብቻ ናቸው። በቆመ ዓለም ውስጥ ተጋብተው፣ ተጉዘው፣ አብረው ያረጃሉ። በስተመጨረሻ ፕሮፌሰሩ ይደርስና ሁሉንም ከመሰበሩ በፊት ወደነበረበት መመለስ እችላለሁ፣ ግን ይህን ሁሉ አታስታውሱትም ይላቸዋል። ሽማግሌዎቹ ተያይተው እንደገና እንጀምረው ይላሉ።

በ2023 ሲመለስ የጀመረው ከዚያችው ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት በ2022 የቤንደር ድምፅ ጆን ዲማጂዮ በክፍያ ጉዳይ ሳይስማማ ቀርቶ ተመልካቹ አንድ ወር ያህል ተረብሾ ነበር፤ ማርች ላይ ተስማምተው ተመለሰ። ቤንደርን በሌላ ድምፅ ማሰብ ይከብዳል።

አዲሶቹ ክፍሎች እንደ ድሮዎቹ ናቸው?

አይደሉም። በጊዜው መነጋገሪያ የሆነ ነገር፣ ክሪፕቶው፣ የኢንተርኔት ግዢው፣ እየተከታተሉ መቀለድ አብዝተዋል፤ እንዲህ ያለ ቀልድ ቶሎ ይሻግታል። ግን ጥሩ የሆነው አሁንም ጥሩ ነው።

ጊዜ የለኝም። አንድ ክፍል ብቻ ልይ ብል የቱን?

የ2010ሩን «ዘ ሌት ፊሊፕ ጄ. ፍራይ»። በ2011 የኤሚ ሽልማት ያገኘው እሱ ነው። ፍራይ ለሊላ የልደት እራት ይዘገያል። ፕሮፌሰሩ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ የጊዜ ማሽን ሠርቷልና አንድ ደቂቃ ብቻ ልሞክረው ሲል እጁ አምልጦት ራሱን፣ ፍራይንና ቤንደርን በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት አሻግሮ ይወስዳቸዋል። ወደ ኋላ መመለሻ የለም። ያላቸው ምርጫ፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ማሽን የተፈጠረበት ዘመን እስኪመጣ ወደ ፊት መሄድ ብቻ ነው።

ሊላ በበኩሏ ቀርቷል ብላ ስትቀየም ኖራ፣ አርጅታ እውነቱን ታውቃለች። የምትነግርበት መንገድ ግን የላትም። እራቱ ተቀጥሮ የነበረው ዋሻ ውስጥ ነበር፤ እዚያ ሄዳ ጣሪያው ላይ በመሣሪያ እየተኮሰች ቀዳዳ ታወጣለች። ውኃ ጠብ ይላል። አንድ ቢሊዮን ዓመት ጠብ ይላል። ፍራይ ሲደርስ ወለሉ ላይ ከተጠራቀመው ድንጋይ መልእክቷን ያነባል። ስታዩት የዋሻውን ጣሪያ ገና ከመጀመሪያው ልብ በሉ።